የአባትሽ ብስክሌት ቀለም

ኩትኒ ሸለቆ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ
ኦክቶበር 12 ቀን 2021

ለልጄ ለላሪሳ፣

የአባትሽ ብስክሌት አረንጓዴ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱ የፈለገው ብርቱካናማውን ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእህቴም ቢሆን፣ በጸሎት ቤት አጠገቤ ቆመው ለሚዘምሩት ሴቶችም ቢሆን። ለራሴም ድምፄን አውጥቼ ብዬው አላውቅም።

ሰላምታ ባስቀድም ኖሮ እዚህ ላይ አልደርስም ነበር፤ ለዚህ ነው ይህን ያስቀደምኩት። እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እዚህ ዝናቡ ከጀመረ ሰንብቷል። ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ ጣሪያችን ላይ ይተኛል፤ ረፋዱም ምሽቱም አንድ ሆኗል። ጎመኑን ዘንድሮም በጨው ጠምቄያለሁ፤ እንደ ድሮው በትልቁ እንስራ። እጄ ትንሹን ማንሳት አልለመደም።

እሁድ በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። «እዚያ ይበርዳል?» አልኩሽ። «ይነፍሳል እማ» አልሽኝ። ከዚያ ስለ ጎመን አወራንና ዘጋን። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት እናቴ ስትታመም፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የማውቀውን ያወቅሁት ድንች እየላጥኩ፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን መጽሐፍ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ በማንበብ ነው። ስለዚህ ከአንደበቴ ይልቅ ብዕር ይቀናኛል።

የላክሽልኝ ሦስቱ የአዲሱ ብስክሌትሽ የቀለም ናሙናዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ጥቁሩ፣ ብርቱካናማው፣ ጥቁር አረንጓዴው። ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና ተራራ ልትወጪ እንደሆነ ሳነብ ደስታው እንባ አመጣብኝ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ወንበር ሳብኩ። «አረንጓዴውን ላዝ ነው የማስበው። አባዬ ይወደው የነበረ ቀለም ስለሆነ፣ የትም ብሄድ አብሮኝ ያለ ይመስለኛል። ግን አንቺ ምረጪልኝ እማ። አንቺ እሺ ሳትዪኝ አላዝም» ብለሻል።

እሺ ብል ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን አባትሽ ያልወደደውን ቀለም የአባቴ ፍቅር ነው ብለሽ ጫካ ይዘሽ እንድትገቢ ማድረግ አልችልም። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

አባትሽ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጡረታ የወጣበትን ጸደይ ታስታውሻለሽ። አንቺ ነበርሽ በአሮጌ ብስክሌትሽ ላይ አስቀምጠሽ ዳገት ያስለመድሽው። «ከእንግዲህ ሶፋ ላይ አትተኛም» ብለሽ። ባለ ብስክሌት ሱቁ ኩርት ያልተቀባ ፍሬም አስመጣለትና ቀለሙን ቤት ሄዶ ከሚስቱ ጋር እንዲመርጥ ናሙናዎቹን አስይዞ ላከው። አባትሽ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው።

«ይቺ ናት» አለ፣ ጣቱን ብርቱካናማዋ ላይ አድርጎ።

«የአዳኝ ልብስ» አልኩት።

«ልብስ አይደለም ፌንያ፣ ብረት ነው።»

«ብረትም ይሁን። በመኪናቸው ጀርባ አጋዘን አጋድመው የሚመለሱ ሰዎች ቀለም እኔ በረንዳ ላይ አይቆምም።»

«ካሮትም እኮ ብርቱካናማ ነው። ካሮት ትበያለሽ።»

«እንግዲያው ካሮት ላይ ተቀምጠህ ሂድ!»

ሳቀ። ታውቂዋለሽ፣ ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚስቀው። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ብርቱካናማዋን ይዞ ይሄድ ነበር። አልተውኩትም። አባቴን አነሳሁበት። በጦርነቱ ጊዜ ጠመንጃ አልይዝም ብሎ በመንገድ ሥራ ካምፕ ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመውን አባቴን። «እሱ ቢኖር፣ የዚያ ቤት አማች አዳኝ መስሎ ሲወጣ ሲያይ ምን ይል ነበር?» አልኩት። አያቶቻችን መሣሪያቸውን ከምረው ያነደዱ ሰዎች ናቸው፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከተነሳ መልስ የለውም።

አባትሽ አረንጓዴውን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አየው። ጓሮ ያለው ዛፍና እጁ ላይ ያለው ናሙና አንድ ዓይነት ነበሩ።

«በዚህ ጫካ ብገባ ማን ያየኛል?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያይሃል» አልኩት።

ይህን ነው ያልኩት ላሪሳ። የመለስኩት ከጸሎት መጽሐፍ እንደሚመልስ ሰው ነው፤ ደስ ብሎኝም ድስቴን ወደ ማማሰል ተመለስኩ። ሃይማኖቴን አልወቅስም። አሁንም ሥጋ አልቀምስም፣ አሁንም መግደል ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ቀለም ማንንም አልገደለም። ቀለሙን ኃጢአት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደግሞ እውነቱን ከጀመርኩት ልጨርሰው፤ በዚያች ሰዓት የፈራሁት እግዚአብሔርን እንኳ አልነበረም። የፈራሁት የጸሎት ቤቱን ሴቶች ነው። «የፌንያ ባል ጡረታ ወጥቶ አዳኝ ሆነ» እንዳይሉኝ።

በማግስቱ ኩርት ሱቅ ስንሄድ አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ ጎማ እየነፋሽ።

«እንዴ ዋሲል!» አለ ኩርት፣ «ትናንት ብርቱካናማ ብርቱካናማ ስትለኝ አልነበር?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«ይሄን ከቀባሁልህ ዛፍ ላይ አስደግፈህ እንዳትተወው። በማግስቱ ቅጠል ያወጣል።»

«ያውጣ፣ ጥላ ይሆነኛል» አለ አባትሽ። ከዚያ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር፣ «አረንጓዴ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ቀለም ነው» አለ። አንቺም ከወለሉ ቀና ብለሽ «ጎሽ አባ! ቆንጆ ምርጫ!» አልሽው።

አየሽ፣ አባዬ አረንጓዴ ይወድ ነበር የምትዪው ከዚያች ቃል የመጣ ነው። እኔን በሰው ፊት ላለማሳፈር የተናገራት ቃል ናት። በሱቁ ውስጥ ሚስቴ ከለከለችኝ ብሎ አስቆ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላደረገውም። በኋላም አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ብስክሌቱን አጥቦ ሲያደርቅ «አረንጓዴው ፈረሴ» ይለው ነበር፣ እኔ እንድሰማ። እኔም እየሰማሁ ወደደው አልኩ።

ያን ቅዳሜ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሁለታችን ግን አንድ ላይ ተቀምጠን ተነጋግረንበት አናውቅም። ጠዋት ደውለሽ «አባ ዛሬ አልችልም፣ ደክሞኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን» አልሽው። እሱ ስልኩን ዘግቶ፣ «ልጅቷ ትተኛ፣ እኔ እስከ ጅረቱ ደርሼ እመለሳለሁ» አለኝ። ቅር አላለውም። ይህን ደጋግሜ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ሁለት እንቁላል በላ፣ ጫማውን አሰረ፣ ቅር አላለውም።

ከጅረቱ በላይ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ብስክሌቱ አመለጠው። ከመንገዱ በታች ከዝግባዎቹ መካከል ወደቀ። ጭኑ ተሰብሮ ነበር፣ ስልኩም ከድንጋይ ተጋጭቶ ነበር። ቢጮህም ጅረቱ ድምፁን ይውጠዋል። እሁድ ጫካ የጠፋ ሰው የሚፈልገው ቡድን አባል ዌይንና ሌሎቹ ፈላጊዎች በዚያ መንገድ አለፉ። ሄሊኮፕተሩም በላዩ በረረ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ያገኘው ውሻ ነው። ሐኪሙ እሁድን ውሎ እንደነበር ነገረኝ። ይህንንም ለአንቺ አልነገርኩሽም። እሁድ ፈላጊዎቹ ሲያልፉ በሕይወት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ፣ ዳቦውና ጨዉ እንደ ልማዳችን ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ፣ ሰዎቻችን መዝሙሩን ጨርሰው ለምሳ ሲቀመጡ ዌይን ከአግዳሚው ጫፍ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን ሁለት እጁ ውስጥ ጨምድዶታል። የእኛ ሰው ስላልሆነ ይቀመጥ ይቁም አላወቀም። ሄጄ ቁጭ በል አልኩት።

«አልቀመጥም ወይዘሮ ፌንያ። አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ።»

«ብላ መጀመሪያ።»

«አይቼው ነበር» አለኝ። «እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ታች አይቻለሁ። ዓይኔ አርፎበታል። ግንድ መሰለኝ። የወደቀ ግንድ ላይ የሚበቅለው ያ አረንጓዴ ነገር መሰለኝና አለፍኩ። አንዲት ብልጭ የምትል ነገር ብትኖር… አንዲት ነገር…»

ያኔ ነበር መናገር ያለብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ጥፋት የለብህም» ማለት ነበር። እኔ ግን በድንች የተሞላ ቂጣ ሳህኑ ላይ አደረግሁለትና «እግዚአብሔር ያውቃል ዌይን፣ ብላ» አልኩት። ሳይበላ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከፈላጊዎቹ ጋር ጫካ ገብቶ አያውቅም። የመገናኛ ሬዲዮውን መልሶላቸዋል። አሁን ለከተማው በረዶ ይጠርጋል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

አንቺም ከኋላዬ ቆመሽ ሰምተሽዋል። «እኔ አብሬው ብሆን ኖሮ» አልሽ። «እኔ ብሄድ ኖሮ በዚያው ሰዓት ሰው እጠራ ነበር። እኔ ነኝ እማ።» አቀፍኩሽ። «በቃ፣ በቃ የኔ ልጅ» አልኩሽ። ሰው ሁሉ ሳጽናናሽ መሰለው። አንቺም መሰለሽ። እኔ ግን ከኋላሽ እየተደበቅሁ ነበር። ጥፋቱ የአንቺ ነው ብለሽ እስካለቀስሽ ድረስ ስለ ቀለሙ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህን በቃል አላሰብኩትም፤ እጄ ግን ያውቀው ነበር፣ ጠበቅ አድርጎ ነበር የያዘሽ።

ከዚያ ብስክሌትሽን ሸጥሽ። ተራራ የሌለበት ከተማ ፈልገሽ ሄድሽ። አንቺ ስትሄጂ እንኳ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ሂጂ» አልኩሽ።

ያን ክረምት ያነበብኩት ሁሉ ስለ ዓይንና ስለ ቀለም ነበር። ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ ያለችው ኖርማ «ፌንያ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሥዕል ጀመርሽ እንዴ?» ብላ ቀለደችብኝ። «ጀመርኩ» አልኳት። የምፈልገው ነጻ የሚያወጣኝ አንድ ገጽ ነበር። አገኘሁትም። አንዱ መጽሐፍ፣ በጥቅጥቅ ጥላ ውስጥ ደማቅ ቀለምም ይደበዝዛል ይላል። ያቺን ገጽ ክረምቱን ሙሉ እንደ ትራስ ተንተራስኳት። ብርቱካናማም ቢሆን አይታይም ነበር እያልኩ።

በረዶው ሲቀልጥ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ጎረቤት ከተማ በአውቶቡስ ሄጄ፣ በዕድሜዬ ገብቼ የማላውቀው የአዳኞች ዕቃ መሸጫ ገባሁ። አዳኞች ከሩቅ እንዲተያዩ የሚለብሱትን ያን ብርቱካናማ ሰደርያ ጠየቅሁ።

«ለባለቤትዎ ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«አዎ።»

«ምን ያህል ይለብሳል?»

«ትልቅ ሰው ነበር» አልኳት። የምትጠቀልለው ነገር ላይ ስለነበረች አልሰማችውም፤ ትልቁን ሰጠችኝ።

ከዚያ ወደ ጅረቱ ወጣሁ። ቦታውን ውሻውን የያዘው ሰው አሳይቶኝ ነበር። ተንሸራትቼ ወረድኩና አባትሽ ተደግፎት የተገኘው ግንድ ላይ ሰደርያውን ዘረጋሁት። ከአንገቴ ደግሞ የብስክሌቱን አረንጓዴ የሚመስለውን ሻርፔን ፈትቼ አጠገቡ አደረግሁ። እየቧጠጥኩ ወደ መንገዱ ተመለስኩ። ትንሽ ራቅ ብዬ ሄድኩና ዞርኩ።

መፈለግ አላስፈለገኝም ላሪሳ። ከዝግባዎቹ ሥር፣ ከዚያ ሁሉ ጥላ መካከል እንደ ፍም ያበራ ነበር። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አሁንም ያያል ዓይኔ። መንገዱ እስኪታጠፍ ሄድኩ፣ አሁንም አለ። ዓይኔ ደካማ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መነጽሬን አውልቄም አየሁት። ሻርፑን ግን ከቅርብም ከሩቅም አላገኘሁትም። ሊመሽ ሲል ለመሰብሰብ ወርጄ እንኳ በእጄ ዳብሼ ነው ያነሳሁት።

ሰደርያውን ጠቅልዬ መንገድ ላይ ባገኘሁት የድሆች ልብስ መሰብሰቢያ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ቤቴ ገብቼ ሾርባ ሠራሁ። አንቺ በዚያ ምሽት ደወልሽ፤ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ።

ያንን «ምንም» ነው አምስት ዓመት ከመንፈቅ የኖርኩት። በየሳምንቱ ስትደውዪ ከድምፅሽ ሥር ያለውን እሰማዋለሁ። በሥራ ደክሞሽ ተኝተሽ መዋልሽን ስትነግሪኝ ቶሎ «ግን ብዙ አልተኛሁም» ትያለሽ። ለማን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው ብዬ ብጠይቅሽ መልሱን እኔው ስለማውቀው አልጠየቅሁሽም። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት «አባዬ ሕልሜ ላይ መጥቶ አላናገረኝም» ስትዪኝ ስለ አየሩ ጠየቅሁሽ።

ስለዚህ እንድትሰሚኝ የምፈልገው ይህ ነው። አንቺ አብረሽው ብትሄጂ ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሳትሄጂም ግን እሁድ ጠዋት ሰዎች ደርሰውለት ነበር። ከላዩ ቆመው ነበር። ያሳለፋቸው የአንቺ እንቅልፍ አይደለም። ያሳለፋቸው እኔ ያለበስኩት ቀለም ነው።

ቀለም ምረጪልኝ ላልሽኝ፣ አልመርጥልሽም። ጥቁሩንም ውሰጂ፣ ብርቱካናማውንም፣ ሌላም ካለ ሌላ። አረንጓዴውም ራሱ ለዓይንሽ ደስ ካለሽ ያንቺ ነው፤ አባትሽ ይወደው ነበር ብለሽ ግን አትውሰጂው። ፍቅሩን ማየት ከፈለግሽ ሱቁ ውስጥ ስለ እኔ ብሎ የዋሸውን አስቢ። እንዲያ ያለ ሰው ነበር።

ምን ትዪኛለሽ ብዬ ገምቼ የምጽፈው ነገር የለኝም። ልትናደጂ ትችያለሽ፤ ተናደጂ። እሁድ ባትደውዪም ስልኩ አጠገብ መቀመጤን አልተውም፣ ወንበሩን ስለለመድኩት ነው። ወፍራም ካልሲዎች ሠርቼልሻለሁ፣ ለብቻ እልካለሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬንሽን ቀድመሽ ፈትሺ። ብቻሽን አትሂጂ።

አምላክ መውጣትሽንም መግባትሽንም ይጠብቅ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽን ያንን ሐሳብ ከአንቺ ቤት አንስቶ ወደ ባለቤቱ ቤት ያምጣው፤ አድራሻውን ነግሬሻለሁ። እርጅናሽ ከእኔ እርጅና የቀለለ ይሁን።

እናትሽ
ፌንያ

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ ቃል ሳልቀንስ። አንዱ ዛሬ በፖስታ ወደ ሃሊፋክስ ይሄዳል፤ ያ ያንቺ ነው። ሌላውን ነገ ጠዋት በእግሬ ሄጄ፣ መንገድ ቢሻገርብኝም ተከትዬ ተሻግሬ፣ በእጁ የምሰጠው ለዌይን ነው።